በኪራይ መኪና ሐዋሳ ደርሶ መልስ፦ ነዳጅ ሳይባክን እንዴት ይኬዳል?

ለበዓል ቪትዝ ተከራይታችሁ፣ ቤተሰብ ይዛችሁ ሐዋሳ ልትወርዱ ነው እንበል። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 550። እዚያ ስትደርሱም መኪናዋ አትቆምም። ዓሣ ለመብላት አሞራ ገደል፣ ልጆቹን ለማናፈስ ሐይቁ ዳር፣ አንድ ቀን ደግሞ ወንዶ ገነት ስትሉ መቶ ኪሎ ሜትር ይጨመራል። ድምሩ 650 መጣ። የቪትዝ ታንክ 42 ሊትር ይይዛል። በሊትር 12 ኪሎ ሜትር የምታስኬዷት ከሆነ 504 ኪሎ ሜትር ላይ ነዳጁ ያልቃል፤ ይህም ስትመለሱ ባቱን አልፋችሁ መቂ ሳትደርሱ ማለት ነው። በሊትር 17 ካስኬዳችኋት ግን 714 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ አዲስ አበባ ገብታችሁም ይተርፋችኋል።

መኪናዋም መንገዱም ያው ነው። አብዛኛው ልዩነት የሚመጣው ከአነዳድ፣ ከጎማ፣ ከጭነትና ከምትወጡበት ሰዓት ነው። ይህን ጉዳይ አጥብቄ የምይዘው ለብሩ ብቻ ብዬ አይደለም። በበዓል ሰሞን ማደያ ሰልፍ ላይ የሚያልቀው ሰዓት ከእናትና ከልጆች ጋር ሊያልፍ የሚገባው ሰዓት ነው። ነዳጅ የቆጠበ ሰው ሰልፍ ካየ ያልፋል፣ ማደያው ጭር ብሎ ካገኘው ገብቶ ይቀዳል። የቸገረው ሰው ግን ምርጫ የለውም።

1. መኪና ስትመርጡ

እስከ ሐዋሳ መንገዱ አስፋልት ነው። ለአራት ሰው ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ሱዙኪ ዲዛየር ይበቃል። ትልቅ ባለ አራት ጎማ ጎታች መኪና ለክብር ብሎ መከራየት ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ አንዴ በቀን ኪራይ፣ አንዴ በማደያ። ሰባት ሰው ከሆናችሁ ግን ሁለት ትንንሽ መኪና ከመያዝ አንድ ሰፊ መኪና ይሻላል።

ከሹፌር ጋር የምትከራዩ ከሆነ ነዳጁ የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የተከራዩ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ሹፌሩን በአክብሮት አነጋግሩት። «ወንድሜ፣ አንቸኩልም፤ 90 ላይ ይዘኸን ሂድ» ማለት ይበቃል። ብዙ ሹፌር የሚፈጥነው ተሳፋሪው የሚፈልገው ፍጥነት መስሎት ነው።

2. ቁልፉን ስትረከቡ

ውሉ ላይ ስለ ነዳጅ የተጻፈውን መስመር ፈልጋችሁ አንብቡ። ጥሩው ውል «ሙሉ ተረክቦ ሙሉ መመለስ» የሚለው ነው፤ ሁለታችሁም የምታውቁት መጠን ስለሆነ ክርክር የለውም። «በተረከበበት መጠን ይመልሳል» የሚል ከሆነ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኔ አንድ ጊዜ ልጆቹ መኪና ውስጥ ገብተው እየጠበቁኝ፣ አከራዩ «ግማሽ» ብሎ የሞላውን ቅጽ ሳላጣራ ፈርሜ ወጣሁ። ማደያ ስደርስ ቀስቱ ከግማሹ መስመር በታች፣ ወደ ሩብ ተጠግቶ ነበር። ስመልስ ግን ፊርማዬ አለና እስከ ግማሹ ሞልቼ አስረከብኩ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ፦ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ የነዳጅ ጌጁና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው አንድ ላይ የሚታዩበት ፎቶ አነሳለሁ። መኪናው ዳገት ላይ ቆሞ የሚነበብ ጌጅ አይታመንም።

የቀን ኪሎ ሜትር ገደብ ካለም ጠይቁ። በነዳጅ የቆጠባችሁትን የተጨማሪ ኪሎ ሜትር ክፍያ ሊበላው ይችላል።

ከዚያ መኪናውን ዙሩት። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት ያለው ቢጫ መብራት ሞተሩ ተነስቶም ካልጠፋ ያንን መኪና አትውሰዱ፤ ብዙ ጊዜ ነዳጅ ከሚያስበላ ብልሽት ጋር የተያያዘ ነው። ደልዳላ ቦታ ላይ የእጅ ፍሬን ለቃችሁ መኪናው በቀላሉ መንሸራተቱን ሞክሩ። የሚይዝ ፍሬን ካለ ቀኑን ሙሉ ፍሬን ረግጦ እንደመንዳት ነው። ጣሪያው ላይ ባዶ ፖርቶ መጋላ ካለ ደግሞ እንዲያወርዱላችሁ ጠይቁ። ምክንያቱን ጭነት ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

3. ስትቀዱ

የመጀመሪያው ጥያቄ ቤንዚን ነው ወይስ ናፍጣ የሚለው ነው። የራሳችሁ መኪና ስላልሆነ በልምድ አትናገሩ፤ የታንኩ ክዳን ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የቤንዚን መኪና ናፍጣ ከተቀዳበት ሞተሩን ሳታስነሱ መካኒክ መጥራት ነው። ክዳኑ በየት በኩል እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ መውረድ አያስፈልግም፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ጌጁ ላይ ካለችው የማደያ ሥዕል አጠገብ ትንሽ ቀስት አለች፣ ወደ ክዳኑ ትጠቁማለች።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል ስለሆነ ቴሌብር ወይም ሌላ የክፍያ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ተዘጋጅቶ፣ በቂ ብር ገብቶበት ይሁን። ከውጭ የመጣ ዘመድ የሚነዳ ከሆነ አንድ ሰው ይህን እንዲይዝለት አድርጉ። ሰልፉን ጨርሶ ክፍያ ላይ መቸገር ያሳዝናል።

ፉል ስታስደርጉ ማሽኑ መጀመሪያ «ጠቅ» ብሎ ሲቆም ይበቃል። ከዚያ በላይ እያንጠባጠቡ መጨመር ነዳጁን የታንኩን ትነት ብቻ እንዲይዝ ወደተሠራው ማጥመጃ ይልከዋል፤ ብሩም ባከነ፣ መኪናውም ተጎዳ። ከማደያው ሳትወጡ የትሪፕ ቆጣሪውን ዜሮ አድርጉት። ሐዋሳ ላይ ደግማችሁ ፉል ስታስደርጉ ቆጣሪው ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍሉት። 280 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 17 ሊትር ከገባ በሊትር 16.5 ሄዳችኋል ማለት ነው። በግምት ከማውራት ይህ ይሻላል፤ መመለሻውንም በእርግጠኝነት ታቅዱበታላችሁ።

መንገድ ዳር በሃይላንድና በጀሪካን የሚሸጠውን አትግዙ። ሕገ ወጥ ከመሆኑ ሌላ ምን እንደተደባለቀበት አይታወቅም፤ መኪናው ደግሞ የሰው ነው።

4. ጭነት

የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር መኪና ውስጥ የሚጨመር 45 ኪሎ ገደማ ጭነት የነዳጅ ቆጣቢነቱን 1 በመቶ አካባቢ ይቀንሳል ይላል። ስለዚህ ለአንድ ሻንጣ ብላችሁ ከእናታችሁ ጋር አትጨቃጨቁ። ከክብደቱ ይልቅ ትልቁ ጉዳይ የተጫነበት ቦታ ነው። ያው መሥሪያ ቤት ጣሪያ ላይ የሚጫን ትልቅ የዕቃ ሳጥን በፈጣን መንገድ ከ10 እስከ 25 በመቶ ሊያስበላ እንደሚችል ይገልጻል። ጣሪያ ላይ የታሰረ ዕቃ ነፋሱን ይገትራልና ሞተሩ ያንን ሁሉ መግፋት አለበት።

ይህ በተለይ መመለሻ ላይ ይመጣል። ከመቂና ከባቱ አካባቢ የሽንኩርቱ፣ የቲማቲሙ፣ የሐብሐቡ ዋጋ ያጓጓል፤ የከሰሉም ጆንያ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቃል። መግዛቱን እኔም አልተውም። ነገር ግን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የሚገባውን ያህል ግዙ፤ ጣሪያ ላይ አታስሩ። ትንሽ መኪና ጣሪያዋ ላይ ሁለት ጆንያ ከሰል ይዛ በ100 ስትበር ሳይ ያ ርካሽ ከሰል አዲስ አበባ ሲገባ ስንት እንደሚደርስ አስባለሁ።

5. ጎማ

የሹፌሩን በር ከፍታችሁ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ተመልከቱ። የፊትና የኋላ ጎማ ስንት ነፋስ መያዝ እንዳለበት ተጽፏል። ጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ጎማው የሚችለው የመጨረሻ ልክ ነው፤ በእሱ አታስሞሉ።

ባለፈው ዓመት የተረከብኩትን መኪና ከሰፈር ሳልወጣ ጎሚስታ ጋ አቆምኩት። ልጁ መለኪያውን ከፊት ግራ ጎማ ላይ ሲሰካ 24 አነበበ። በሩ ላይ የተጻፈው 33 ነው። ቀኙን ለካ፣ 25። በዓይን ሲታዩ አራቱም ደህና ጎማዎች ነበሩ። ነፋሱ በአንድ ነጥብ ሲቀንስ የሚጠፋው ነዳጅ 0.2 በመቶ ያህል ስለሆነ ዘጠኝ ነጥብ ሲደማመር 2 በመቶ አይሞላም። ገንዘቡ ትንሽ ነው። የላንጋኖ ሙቀት ላይ፣ አራት ሰው ተጭኖ፣ በ100 የሚሽከረከር የላላ ጎማ ግን ይግላል፣ ይፈነዳል። ለነዳጅ ብላችሁ ለኩ፤ ነፍስም ታድናላችሁ። የምትለኩት ጎማው ሳይግል፣ ጠዋት ነው። ስኮርታውንም አትርሱት።

6. ከአዲስ አበባ መውጫ

ቆሞ የሚሠራ ትንሽ ሞተር በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይበላል፤ በዚህ ሁሉ አንድ ሜትር አይሄድም። በበዓል ዋዜማ ረፋድ ላይ በቃሊቲ ለመውጣት የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ከቤት ከወጣችሁ ቱሉ ዲምቱ የክፍያ መግቢያው ላይ ሰልፉ ሳይከማች ታልፋላችሁ። ሻንጣው ማታ ይጫን፤ ጠዋት ሞተር አስነስታችሁ «ቆይ ፎጣ ረሳሁ» እየተባለ አይጠበቅ። ሞተሩን ለማሞቅም ቆሞ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ግማሽ ደቂቃ በቂ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ቀስ ብላችሁ ሂዱ።

ማደያ ሰልፍ ላይም እንዲሁ። ወረፋው ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚቆም ከሆነ ሞተሩን አጥፉ።

7. ፈጣን መንገድ ላይ

የጉዞው ዋና ነዳጅ የሚድነው ወይም የሚጠፋው እዚህ ነው። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሞጆ፣ ከሞጆ ታጥፎ በአዲሱ የክፍያ መንገድ በመቂ በኩል እስከ ባቱ፣ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሰፊና ንጹሕ መንገድ አለ። ያለምንም እንቅፋት ስለሚያስኬድ እግር ሳይታወቅ ይከብዳል። ዓይናችሁ ቆጣሪው ላይ ሲያርፍ 125 ሆኗል።

ነፋስ መኪናን የሚገታበት ኃይል በፍጥነቱ ልክ ብቻ አይጨምርም፤ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚጨምረው። ከ90 ወደ 120 ስትወጡ ፍጥነቱ በሲሶ ጨመረ፣ የነፋሱ ግፊት ግን በ78 በመቶ። 150 ኪሎ ሜትርን በ120 በ75 ደቂቃ፣ በ90 በ100 ደቂቃ ትጨርሱታላችሁ። ልዩነቱ 25 ደቂቃ ነው። ያቺን 25 ደቂቃ ለማትረፍ የጠፋው ነዳጅ ሐዋሳ ላይ ሰልፍ ካስቆማችሁ ሰዓቱንም ብሩንም ከሰራችሁ። ስለዚህ ከ85 እስከ 95 ባለው ውስጥ ያዟት፣ ዝግ ብሎ የሚሄድ በሚጠቀምበት በቀኙ መስመር ሂዱ፣ የሚፈጥነው በግራ ይለፍ። አንዴ ፍጥነቱን ከያዛችሁ በኋላ እግራችሁን አታወዛውዙ። 80፣ 110፣ ደግሞ 85 እያሉ መሄድ ከአንድ ወጥ 95 የበለጠ ያስበላል።

ነፋሱን ይከልልልኛል ብላችሁ ከተሳቢ ኋላ አትጠጉ። የሚገኘው ቁጠባ ከሞት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

8. ከባቱ በኋላ

ከዚህ በኋላ ቡልቡላ፣ ላንጋኖ፣ ነጌሌ አርሲ፣ ሻሸመኔ እያለ መንገዱ ሕይወት ያለበት ነው። የአህያ ጋሪ ይገባል፣ ከብት ያቋርጣል፣ ባጃጅ ሳያሳይ ይታጠፋል፣ ከተማ መግቢያው ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። እዚህ ነዳጅ የሚቆጥበው ዓይን ነው። ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ከብት አስፋልቱን ሲያቋርጥ ካያችሁ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው አሁኑኑ አንሱ። የዛሬዎቹ መኪኖች ማርሽ ላይ እያሉ፣ እየሮጡ፣ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጭራሽ ይዘጋዋል፤ ያን ሁለት መቶ ሜትር የምትሄዱት በነጻ ነው። እስከ ከብቱ ድረስ ነዳጅ ረግጦ መጨረሻ ላይ ፍሬን መያዝ ግን የከፈላችሁበትን ፍጥነት ወደ ሙቀት ቀይሮ መጣል ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ እረኛው ትንሽ ልጅ ነው፤ ቀድማችሁ ስትቀዘቅዙ ያያችኋል፣ ከብቶቹንም በእርጋታ ያሻግራል።

ከጉብታ ስትወጡም አትዝለሉ። ማኑዋል ከሆነ ሞተሩ ሳይጮህ ማርሽ ቀይሩ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ነዳጁን በጥቂቱ ሰጥታችሁ ማርሹ ራሱ እንዲለወጥ ጊዜ ስጡት።

9. ሙቀትና ኤሲ

ኤሲ ነዳጅ ይበላል፤ በትልቅ ፍጥነት የተከፈተ መስኮትም ነፋስ እየገባበት ይበላል። ከተማ ውስጥና ከ60 በታች መስኮት ክፈቱ፤ ፈጣን መንገድ ላይ መስኮት ዘግታችሁ ኤሲውን በመጠኑ ተጠቀሙ። ፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ መኪና ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ አራቱንም በር ከፍታችሁ ግለቱን አስወጡ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ መስኮት ከፍታችሁ ሂዱ፣ ከዚያ ኤሲ። ሕፃን ወይም አረጋዊ ከያዛችሁ ግን ይህን ሁሉ ተዉትና አቀዝቅዙላቸው።

10. ዳገትና ቁልቁለት

ሐዋሳ «ይወረዳል» የሚባለው በከንቱ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ባቱ 1,640፣ ሐዋሳ 1,700 አካባቢ። በመሐል ነጌሌ አርሲ ወደ 2,000 ሜትር ስለሚወጣ እሱን በሁለቱም አቅጣጫ ትሻገሩታላችሁ። ስለዚህ ሲሄዱ የታየው የነዳጅ አበላል ሲመለሱ አይደገምም። ሰውና ዕቃ ይዞ 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከባቱ አዲስ አበባ እስኪወጣ ከፍታውን ለማሸነፍ ብቻ ከአንድ ሊትር በላይ ይፈልጋል። «ስንመጣ በግማሽ ታንክ ደርሰናል፣ በቀረው ግማሽ እንመለሳለን» የሚለው ስሌት ሰውን መንገድ ላይ የሚያስቀረው ለዚህ ነው።

ዳገት ላይ ፍጥነቱ በራሱ ትንሽ ይውረድ። 90 ካልያዝኩ ብላችሁ አትርገጡ። ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ መሪ ከያዘ «ይቺ መኪና ጉልበት የላትም» ብሎ እስከ ወለሉ ሊረግጥ ይችላል። መኪናዋ ሳትሆን አየሩ ነው የሳሳው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ሃያ በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። እያቃሰተች ከሆነ አንድ ማርሽ ቀንሱላት።

ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ አድርጎ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል የሚል የቆየ እምነት አለ። ለካርቡሬተር ዘመን መኪና ይሆን ይሆናል፤ ለዛሬው ግን ተቃራኒው ነው። ዜሮ ማርሽ ላይ ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል፣ ማርሽ ላይ እያለ ግን ነዳጁ ይዘጋል። ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ሸራ ላይ ሲወድቅ ደግሞ ፍሬኑ ግሎ እንቢ ሊል ይችላል። ማርሽ ላይ ሆናችሁ ውረዱ።

11. መመለሻና ማስረከቢያ

ሐዋሳ ላይ ነዳጅ የምትቀዱት ከመመለሻችሁ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ፣ በማለዳ ወይም መሸት ሲል፣ ማደያው ጭር ባለበት ሰዓት ይሁን። በታኅሣሥ ገብርኤልና በገና ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ታንኩ ከሩብ በታች እንዲወርድ አትፍቀዱ። የነዳጅ ፓምፑ የሚቀዘቅዘው ታንኩ ውስጥ ባለው ነዳጅ ነው፤ ተሟጦ ሲሠራ ይጎዳል፣ ያ ወጪ ደግሞ ወደ እናንተ ይመጣል።

ውሉ «በተረከበበት መጠን» ከሆነ ስትመልሱ «ሙላው» አትበሉ። ግማሽ የተረከባችሁት የ42 ሊትር ታንክ ከሆነ የሚፈለገው 21 ሊትር አካባቢ ነው። ጌጁ ሩብ ላይ ካለ 11 ሊትር አስቀዱ፤ ከዚያ በላይ የምትጨምሩት ለቀጣዩ ተከራይ ነው። ውሉ ሙሉ ከሆነ ደግሞ ለአከራዩ ቅርብ የሆነውን ማደያ ምረጡና ከቀዳችሁ በኋላ ሌላ ጉዳይ ሳትደርቡ ቀጥታ ሂዱ። ተረካቢው አጠገባችሁ ቆሞ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ ጌጁንና ኪሎ ሜትሩን እንደ መጀመሪያው ቀን ፎቶ አንሱ፤ መያዣ ያስያዛችሁት ብር ተመልሶ እስኪገባ ድረስ ከክፍያ ደረሰኙ ጋር ስልካችሁ ላይ ይቆይ።